መስኮቱን ዝጉት!

ከአዳማ ወደ ባቱ የሚሄደው ሚኒባስ ገና ሞጆን ሳያልፍ የመስኮት ጭቅጭቅ ተነሣ። ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ማለዳው አጥንት ድረስ ይገባል፤ "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባልበት ወር። ከኋላዬ ሰባት ዓመት ቢሆነው የማይበልጥ ልጅ ያስነጥሳል፤ እናቱ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫውን እየጠረገች "ይማርህ የኔ ጌታ" ትላለች። ከጎኔ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አባት ተቀምጠዋል። መስኮቱን የሁለት ጣት ያህል ከፈት አደረግሁ። "ልጄ፣ ብርድ ገባ እኮ፤ እባክህ ዝጋው" አሉኝ። ዘጋሁ። ጥቂት ቆይቼ፣ የልጁ ሳል ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ፣ መልሼ ከፈትኩ። አሁን ከረዳቱ ጀምሮ ተሳፋሪው ሁሉ ተባበረብኝ። "መስኮቱን ዝጉት! ልጁ ታሟል፤ ጭራሽ ብርድ ይምታው?" አፈርኩና ዘጋሁ። መቂ እስክንደርስ መስታወቱ ጭጋግ ለብሶ ውጪው አይታይም ነበር።

ያ ጭጋግ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ጭጋጉ ከውጪ የመጣ ብርድ አልነበረም፤ የሁላችንም ትንፋሽ ነበር። ልጁ ያስነጠሰው፣ እኔ የተነፈስኩት፣ አባትዬው በጋቢያቸው ውስጥ የሳሉት ሁሉ ተደባልቆ መስታወቱ ላይ ተቀምጦ፣ መልሰን መላልሰን እየተነፈስነው ነው ባቱ የገባነው።

እኔ ያደግሁት ነፋስ በማይጠፋበት ከተማ ነው። አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል፤ የሰቀሉትን ልብስ ጎረቤት ግቢ ሄዶ መፈለግ የተለመደ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ከፍታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 34 የነፋስ ተርባይኖች ሥራ ጀምረው 51 ሜጋ ዋት ማመንጨት ቻሉ፤ በ2015 ደግሞ ሌሎች 102 ተጨምረው 153 ሜጋ ዋት። ያንን ሁሉ ብረት የሚያሽከረክር ነፋስ ውስጥ ኳስ ተጫውቼ፣ ትምህርት ቤት ተመላልሼ ነው ያደግሁት። ጉንፋን የሚይዘን ግን ነፋሱ ሲበረታ አልነበረም። አንዱ ልጅ ታሞ ክፍል የገባ እንደሆነ በሳምንቱ ግማሹ ክፍል ያስላል። ይህን እያየሁ አድጌም ቢሆን፣ ሚኒባስ ውስጥ "ዝጋው" ስባል የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

እንግሊዞች ይህን ነገር በሰው ላይ ሞክረውታል። ሳልስበሪ ከምትባል ከተማቸው አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1990 የጉንፋን ምርምር ማዕከል ነበራቸው። ፈቃደኛ ሰዎች እየመጡ ጥቂት ቀናት ያድራሉ፣ ቫይረሱ አፍንጫቸው ውስጥ ይጨመርላቸዋል፣ ሐኪሞች ይከታተሏቸዋል። ከፈቃደኞቹ አንዳንዶቹን ገላቸውን ታጥበው ሳይደርቁ ነፋስ በሚነፍስበት ኮሪደር አቆሟቸው፤ እርጥብ ካልሲ እንዳደረጉም አዋሏቸው። ብርዱ ብቻውን ማንንም ጉንፋን አላስያዘም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 180 ሰዎችን ሰብስበው ግማሾቹን እግራቸውን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስነከሯቸው፤ የቀሩትን ካልሲና ጫማቸውን ሳያወልቁ እግራቸውን ባዶ ሳህን ውስጥ እንዲያስቀምጡ አደረጉ። በቀጣዮቹ ቀናት ጉንፋን ያዘን ያሉት እግራቸው ከቀዘቀዘው መካከል በዙ። ተመራማሪዎቹ ሲያስረዱ፣ ሰዎቹ ቫይረሱን አስቀድመው ሳያውቁት ይዘውት ነበር፤ እግር ሲቀዘቅዝ የአፍንጫ የደም ሥሮች ስለሚጠቡ መከላከያው ላላ ብሎ በሽታው ተገለጠ ነው የሚሉት። ስለዚህ ሚኒባስ ውስጥ የነበሩት አባት ጋቢ መልበሳቸው ልክ ነበር። መስኮቱን ማስዘጋታቸው ነው ልክ ያልነበረው። አሁን ባገኛቸው "አባቴ፣ ጋቢውን ጠበቅ አድርገው ይልበሱ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ጣት ልክፈት" ብዬ እለምናቸው ነበር።

ባቱ የሄድኩት እቴቴ ዘንድ ነው። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከተማዋ ዝዋይ በምትባልበት ዘመን በትዳር ሄዳ እዚያው ወልዳ ከብዳ ቀረች። ከሐይቁ ፈንጠር ብሎ በሞተር ውሃ እየተሳበ የሚለማ፣ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ የሽንኩርት ማሳ አላት። ልጆቿ ሥራ ፍለጋ ተበትነዋል፤ ክረምቱ አልፎ አረሙ ሲያይል "ና እርዳኝ" ብላ ደወለች፤ የአሥር ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ደረስኩ። በር ላይ ግራ ቀኝ ግራ ሳመችኝ። ጎረቤቶች ሰሙና መጡ፤ ሁሉም ጨበጡኝ፣ ሁሉም ሳሙኝ። አንዲት ጎረቤቷ የአራት ወር ልጇን እቅፌ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ እኔም ግንባሩን ሳምኩት። መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ በኋላ ያ ሁሉ በክርን መነካካት፣ በየሱቁ በር የተቀመጠው የውሃ በርሜልና ሳሙና ትዝ ይለኛል። ዛሬ አንዱም የለም። በርሜሎቹ ተነሥተው ጠላ መጥመቂያ ሆነዋል። ሰላምታችን መመለሱ ደስ ያሰኛል፤ የሳሙናው አብሮ መቅረት ግን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የጉንፋን ቫይረስ እጅ ላይ ሰዓታት መቆየት ይችላል፤ ያ እጅ ዓይንን ሲያሽ ወይም አፍንጫን ሲነካ ነው ቤቱን የሚያገኘው። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 ዓይነት በላይ ስለሆኑ ክትባት አልተሠራለትም፤ ያለን ነገር ሳሙና፣ ክፍት መስኮትና ሲታመሙ ከሰው ራቅ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ሐሙስ ሚኒባሱ ውስጥ ከልጁ የተቀበልኩት ሁለት ቀን ቆይቶ መነሣቱ ነበር፤ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ተደብቆ ይቆያል። እሑድ አፍንጫዬ ተዘጋ፣ ራሴን ከበደኝ፣ ትንሽ ትኩሳትም ተሰማኝ። እቴቴ ግን ምክንያቱን አስቀድማ ቆርጣለች። "ሐሙስ ማታ ደጅ ተቀምጠህ ሐይቁን ስታይ ነው ብርድ የመታህ።"

ከዚያ ሕክምናዋ ተጀመረ፤ ይህን ስጽፍ አፌ ላይ ጣዕሙ ይመጣል። ዝንጅብል ወቅጣ በማር አፈላችልኝ። ፌጦ ፈጭታ በሎሚ አሸችልኝ። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ቡና ላይ ጨመቀችልኝ፤ የቀረውን ቅጠል "አሽትተው" ብላ እጄ ላይ አስጨበጠችኝ። ማታ የባህር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ጋቢ አከናንባ አጠነችኝ። በነጋታው ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ አስገዝታ ሚጥሚጣ ጣል ያለበት ሾርባ ሠራችልኝ። እዚያ ዓሣ ተራ፣ አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ጣል አድርገው እንደ ሽማግሌ ቆመው የዓሣ አንጀት በሚጠብቁበት ዳር፣ ሻጮቹ እንኳን ያውቋታል፤ "ለታማሚ ነው" ስትል ትኩሱን ይሰጧታል።

ይህን ሁሉ እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥር ሰው አለ፤ እኔ ግን አልስማማም። ትኩስ ፈሳሽ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ማር ሳልን ማስታገሱ የተመሰከረለት ነው፤ ሾርባው ምግብ አልወርድ ላለው ሰው ጉልበት ነው። ቫይረሱን አይገድሉትም፤ ጉንፋን በራሱ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በሰባትና በአሥር ቀን ውስጥ ይለቃል። እስኪለቅ ድረስ ግን ሰው ተንከባካቢ ይፈልጋል። ሁለት ነገር ብቻ ለእናቶች ሁሉ ብነግር ደስ ይለኛል። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ሕፃናትን የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ልጅን ደግሞ በሚፈላ ድስት ላይ አከናንቦ ማጠን አያስፈልግም፤ ድስቱ ሲገለበጥ የሚመጣው ቃጠሎ ከጉንፋኑ እጅግ ይብሳል።

ሰኞ ዕለት የጎረቤትየዋ ሕፃን አፍንጫው ታፍኖ ጡት መጥባት አቃተው ተባለ። እኔ ነኝ ያስያዝኩት ብዬ ማንም ሳይጠይቀኝ አመንኩ፤ ያን ግንባር የሳምኩት እኔ ነኝና። እናቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ የትንፋሹን ፍጥነት ቆጠሩላት፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እንደማይሳብ አዩላት፣ አፍንጫውን በጨው ውሃ ጠብታ እንድታጸዳለት አሳዩዋት። በአራተኛው ቀን ተሻለው። ያን አራት ቀን ደህና እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ማክሰኞ እኔ ቀለል አለኝ። ትኩሳቱ ጠፋ፣ ጉሮሮዬ ዳነ። ወደ ማሳው ሄድኩ።

ማሳው ዳር ዳሩን ነጭ ለብሶ ነበር። ቁመቱ እስከ ወገብ፣ ቅጠሉ የተቦጫጨቀ፣ አናቱ ላይ እንደ ተከካ ቅንጬ የተበተኑ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች። በአማርኛ ስሙም ቅንጬ አረም ነው። የማሳው ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ ከሩቅ አይተውኝ "ፈረምሲሳ ነው እሱ፤ በባዶ እጅህ አትንቀለው" አሉኝ። ፈረምሲሳ በኦሮምኛ ከማስፈረም ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ ገበሬውን መሬቱን ፈርሞ እንዲለቅ ያስገድዳል እንደማለት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ስሙን የሰጠው ገበሬ ምን ያህል እንደመረረው ይሰማኛል። ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ወደ እኛ በድርቅ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ እንዳልቀረ ይነገራል፤ በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል ታይቶ መንገድ መንገዱን ተከትሎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወረደ። አንዷ ተክል ብቻዋን ከ10,000 በላይ ዘር ትበትናለች። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፑኔ ከተማ አካባቢ ካዩት ወዲህ የብዙ ገበሬዎቻቸውን ፊትና እጅ አቁስሎባቸዋል።

የሽማግሌውን ምክር ሰምቼ ነበር፤ ጓንት ግን አልነበረኝም። የእቴቴ ሽንኩርት ሲታፈን እያየሁ ነገን መጠበቅ አልሆነልኝም። እጅጌዬን ሰብስቤ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ስነቅል ዋልኩ። በነቀልኩ ቁጥር ከአበባው ብናኝ ፊቴ ላይ ይበን ነበር።

ረቡዕ ከመንጋቱ በፊት በማስነጠስ ነቃሁ። አንድ ሁለት አይደለም፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ተከታታይ። እቴቴ ከጓዳ "ይማርህ" ትላለች፣ "ያኑርሽ" ብዬ ሳልጨርስ ይደገማል። ከአፍንጫዬ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይወርዳል። ዓይኔ ቀልቶ ያሳክከኛል፤ ላንቃዬ ሳይቀር ያሳክከኛል፤ በምላሴ ለማከክ ሞከርኩ። የእጄ አንጓ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጥቷል። ትኩሳት የለኝም፣ ጉሮሮዬንም አያመኝም።

"አገረሸብህ!" አለች እቴቴ ደንግጣ። "ገና ሳይለቅህ ማሳ ሄደህ ብርዱ ተመልሶ ገባብህ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገር በፍቅር አከበደችው። መስኮቱን ዘጋች፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈች። ከቁም ሣጥን ላይ ዓመት ሙሉ ያልወረደ ብርድ ልብስ አውርዳ ደረበችልኝ። ከሰል አቀጣጥላ ክፍሉን አሞቀች፤ ቡና ስታፈላ ዕጣኑን አበዛችው፣ "ብርዱን ያባርረዋል" ብላ። ማሳ የለበስኩትን ሹራብ ደግሞ ብናኙን እንደያዘ እራስጌዬ ሰቅላዋለች። በየሰዓቱ ባሰብኝ። አሁን ሳስበው፣ ከሚያሳምመኝ ነገር ሁሉ ጋር በአንድ ክፍል ተዘግቶብኝ ነበር፤ ብናኙ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚራቡት በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች፣ የከሰሉ ጭስ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል እንደሚችልም ያን ዕለት አላሰብነውም። ሁላችንም "ብርድ" የምንለውን አንዱን ጠላት ብቻ ነበር የምንጠብቀው።

የቋንቋችን ነገር እዚህ ላይ ያሳስበኛል። ወገብ ሲያም ብርድ ነው፣ ሆድ ሲነፋ ብርድ ነው፣ አፍንጫ ሲፈስ ብርድ ነው። በፀሐይ ውለን ከንፈራችን ላይ ቁስል ሲወጣ ምች ነው። ከተሜው ደግሞ ለዓመት የሚፈሰውን አፍንጫ ሁሉ "ሳይነስ አለብኝ" ይላል። አንድ ስም ለብዙ በሽታ ከተሰጠ አንድ መድኃኒት ለሁሉም ይፈለጋል፤ እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት የእቴቴ የልጅ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ሁኔታዬን አይቶ አዘነና ቤቱ ሄዶ የተረፈ አሞክሲሲሊን አመጣልኝ፤ ቀይና ቢጫ እንክብል፣ 500 ሚሊግራም። "አጎቴ፣ እኔን ባለፈው በሁለት ቀን ነው ያዳነኝ" አለኝ። ስንቱ ቤት ነው እንዲህ ያለ ግማሽ ፓኬት መሳቢያ ውስጥ የሌለው? መድኃኒቱ የፔኒሲሊን ዘመድ ነው፤ ባክቴሪያን ይገድላል፤ ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ላይ ግን ምንም አይሠራም፤ የአረም ብናኝ ላይማ ምን ሊያደርግ! በልጅነቴ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የፔኒሲሊን መርፌ ተወግቼ ሰውነቴ በሙሉ አባብጦ እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ያን ነገር የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ እኔም ረስቼው ኖሬያለሁ። እንክብሉን በውሃ ዋጥኩት።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም። መጀመሪያ መዳፌን አሳከከኝ፤ ከዚያ የውስጥ እግሬን። ደረቴ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያክል እብጠት ብቅ ብቅ አለ። ከንፈሬ ወፈረ። እቴቴ ቡና ልታቀርብልኝ መጥታ ፊቴን ስታይ ስኒው ከእጇ ወደቀ። "እቴቴ" ልላት ፈልጌ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ፤ ጉሮሮዬ እየጠበበ ነበር። ልቤ በኃይል ይመታል፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል። ብርድ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ማንም አላነሣም።

ልጁ ሮጦ ባጃጅ አቆመ። እቴቴ ጫማ ሳታደርግ ተሳፈረች። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝና ጡሩምባውን ሳይለቅ ጋሪዎቹን እየቀደመ አስፓልቱን ይዞ በረረ። ሐይቁ በቤቶቹ መካከል ብልጭ እያለ ያልፋል። በጣም ጸጥ ያለ ነበር፤ ያን ጸጥታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ጤና ተቋሙ በር ላይ ሲስተር ተቀበለችን፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ የማይጣደፍ። "ምን ወሰደ?" ብላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ልጁ ፓኬቱን ከኪሱ አወጣ፤ ይህን ማድረጉ ሕይወቴን ለማትረፍ አግዟል ብዬ አምናለሁ። ጭኔ ላይ ከውጪ በኩል አድሬናሊን ወጉኝ፣ እግሬን ከፍ አድርገው አስተኙኝ፣ ኦክስጅን ጨመሩልኝ። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ጉሮሮዬ ሲከፈት ተሰማኝ፤ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ሳብኩ። እቴቴ እግሬ ሥር ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

ማታ ድረስ አልለቀቁኝም። እንዲህ ያለው መቆጣት ጋብ ብሎ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። የሽፍታ ክኒንና የአለርጂ መርፌ ሌላ ነገር ናቸው፤ ጉሮሮ ሲዘጋ የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ ለዚህም ነው ቤት ተቀምጦ "እስኪ ይለፍለት" ማለት የማይቻለው።

ነገሩ ስም ካገኘ መቶ ዓመት አልፎታል። ሻርል ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከባልደረባው ፖል ፖርቲዬ ጋር የባሕር እንስሳ መርዝ ለውሾች እየሰጠ ሲሞክር፣ መጀመሪያ ጥቂት ተሰጥቷቸው የተቋቋሙት ውሾች ከሳምንታት በኋላ ከዚያ ያነሰ ሲሰጣቸው በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ሰውነት መላመድ ሲገባው ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ1902 "አናፊላክሲስ" አሉት፤ ሪሼ በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ደግሞ በ1906 "አለርጂ" የሚለውን ቃል ፈጠረ። እኔ በስድስት ዓመቴ ያቺን መርፌ ተወግቼ፣ ሰውነቴ ያን ቂም ይዞ ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቋል። እኔ ስረሳ እሱ አልረሳም።

ሲስተር ማምሻውን አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ከመጀመሪያው አንሥቼ እንድነግራት አደረገች። ሚኒባሱን፣ ሕፃኑን፣ ሾርባውን፣ አረሙን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና ጠየቀችኝ።

"ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ቀን ጉሮሮህን አሞሃል?"

"አዎ።"

"ትኩሳት ነበረህ?"

"ትንሽ።"

"የሁለተኛውስ? ያሳክክሃል?"

"ዓይኔን፣ ላንቃዬን።"

"ትኩሳትስ?"

"አልነበረም።"

"የመጀመሪያው ጉንፋን ነበር፤ ሄዷል። ሁለተኛው አላገረሸብህም፤ ሌላ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ በእጅህ ዋጥከው" አለች። ሌላ ስብከት አልጨመረችም። ትንሽ ካርድ ላይ በትልልቅ ፊደል "ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ አይስማሙትም፤ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን" ብላ ጻፈች። "ከመታወቂያህ ጋር ያዘው። መድኃኒት ቤትም ስትሄድ፣ ለሌላ ነገር ቢሆን እንኳ፣ ሳይጠይቁህ ንገር።" ለማስነጠሱ ሎራታዲን አዘዘችልኝ፤ እንደ ድሮው ክሎርፌኒራሚን ብዙ አያስተኛም።

አርብ ጠዋት እቴቴ ቤቱን ገለበጠችው። የወተፈችውን ጨርቅ ነቀለች፣ መስኮቶቹን ከፈተች፣ ከሰሉን ደጅ አወጣች። ሹራቤን በፈላ ውሃ ዘፈዘፈች፤ ብርድ ልብሱን አጥባ የባቱ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አሰጣች። ማሳ ውለን ስንመለስ በር ላይ ልብስ መቀየርና ፊትና እጅ መታጠብ የቤቱ ሕግ ሆነ። ዕጣኑን ግን አልተወችም። "እሱን አትንካብኝ፤ በሩን ከፍቼ አጨሳለሁ" አለች፤ ተስማማን። ቡና ያለ ዕጣን እንዲቀር እኔም አልፈልግም።

የቀረውን አረም በቀረው ፈቃዴ ነቀልኩ። የልጅ ልጇ ጓንት ገዛልኝ፣ አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፈንኩ፣ እጅጌዬን እስከ አንጓዬ አወረድኩ። ሽማግሌው ጎረቤት መጥተው አብረውኝ ነቀሉ፤ ያበበውን መንቀል ዘሩን መዝራት ነው አሉኝ፤ በሐምሌ፣ ገና ነጭ ሳያወጣ፣ ዝናብ መሬቱን ባለሰለሰበት ነው ከሥሩ መነቀል ያለበት። ለእኔ የግማሽ ቀን አቧራ የሆነው ነገር ለእሳቸው የዕድሜ ልክ ትግል ነው፤ ክንዳቸው ላይ ቆዳው እንደ ቅርፊት ጠንክሮ ጠቁሯል። "ይሄም ብርድ ነው ይሉኛል" አሉ፣ ክንዳቸውን እያሳዩኝ። ሲስተር ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋቢ ይዤ ነበር፤ እቴቴ ሰጥታኝ። አጠገቤ ለተቀመጠችው ወይዘሮ ጋቢውን ዘርግቼ "እህቴ፣ ይህን ደርቢ፤ መስኮቱን ትንሽ ልከፍት ነው" አልኳት። አየችኝ፣ ጋቢውን ተቀበለች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ነፋሱ ገባ። ከኋላ ማንም አልጮኸም።

ዘንድሮ ሐምሌ መግቢያ ላይ እቴቴ ደወለች። ሕፃኑ ቁሞ መሄድ ጀምሯል፣ የሽማግሌው ክንድ ሲስተር በሰጠቻቸው ቅባት ለስልሷል አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

"ካርድህን ይዘኸዋል?"

"ኪሴ ውስጥ ነው እቴቴ።"

"በል ጓንትህን ይዘህ ና። ገና አላበበም።"